በራሱ ይቀጥላል

ረውዳ ይማም ኮምቦልቻ ውስጥ መግለጫ ጸሐፊ ነበረች። በዚያ ዘመን ይህ እንደ ነርስነት ወይም እንደ ሾፌርነት የታወቀ ሥራ ነው። በየቤቱ፣ በየመሥሪያ ቤቱና በየመደብሩ ድምፁ ብቻ የሚሰማ ወኪል አለ። ቤት የሚያከራየው፣ ልጅ ትምህርት ቤት የሚያስመዘግበው፣ መድኃኒት የሚያዝዘው፣ ውኃ የሚከፍተውና የሚዘጋው እሱ ነው። ወኪሉ ግን እጅ የለውም። የሚሠራው ሁሉ ሰዎች በሠሩለት መሣሪያዎች ሲሆን የመሣሪያዎቹን ውስጥ ደግሞ አያይም። የሚያየው ለእያንዳንዳቸው የተጻፈውን አጭር መግለጫ ብቻ ነው፦ ይህ መሣሪያ ምን ይሠራል፣ መቼ ይጠቅማል፣ መቼ አይነካም፣ ከተነካስ በኋላ ምን ይመለሳል፣ ምን አይመለስም። ረውዳ የምትጽፈው ያንን ነበር።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። አንድ ጊዜ ደሴ ላይ አንዲት ሴት በስልክ አላስቀምጥ ያላትን ሰው ለወኪሏ ከሰሰች። ወኪሉ መሣሪያዎቹን ሲያገላብጥ «የሚያስቸግር መስመር ይዘጋል» የሚል አገኘና ተጠቀመበት። መስመሩ የውኃ ነበር። የሰውየው ሰፈር በሙሉ በጀሪካን ውኃ ሲያመላልስ ሰነበተ። ከዚያ ወዲህ የጸሐፊው ስም ከሥሩ የሌለበት መግለጫ ለወኪሎች እንዳይቀርብ ተደነገገ። ወኪሎቹም ስሞቹን ለመዷቸው። አንዳንዱን ጸሐፊ ሲያነቡ ደጋግመው ይጠይቃሉ፣ የመሣሪያውን ባለቤት ያስፈቅዳሉ፣ ያመነታሉ። የረውዳን ስም ሲያዩ ግን አይጠይቁም ነበር።

ሥራውን ያስተማሯት ጋሽ አሰግድ ደምሴ ናቸው፤ በኮምቦልቻ ሙቀት እንኳ ሹራባቸውን የማያወልቁ፣ ቀጭን፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው። የመጀመሪያ ቀን ጠረጴዛዋ ላይ ቢላዋ አስቀመጡላት።

«ቢላዋ አይቶ ለማያውቅ ሰው ጻፊ» አሏት።

«ይቆርጣል» ብላ ጻፈች።

«ምን ይቆርጣል?»

«ሽንኩርት፣ ሥጋ፣ ገመድ።»

«ጣትስ?»

ረውዳ የጻፈችውን ሰረዘች።

«ደግ ደጉን ብቻ የሚናገር መግለጫ ግማሹ ውሸት ነው» አሉ። «ደግሞም በዓይንሽ ያላየሽውን እንዳትጽፊ። ማንም ቢነግርሽ።»

ዓመታት አብረው ሠሩ። አባቷ ሲሞት ከሐዘን ቤቱ በር ቆመው ለቀስተኛውን የተቀበሉላት እሳቸው ነበሩ። ሰዎች «ልጅዎት ናት?» ሲሏቸው «አዎ» ይላሉ እንጂ አያስረዱም። እሷም አታርምም ነበር።

በኋላ ጋሽ አሰግድ መግለጫ መጻፉን ትተው «ጠያቂ» ወደሚባል ድርጅት ተዛወሩ። ጠያቂ የማይድን ሕመም ላለባቸው ሰዎች መድኃኒት ቤታቸው ድረስ የሚያደርስ ነው። ትንንሽ ጋሪዎቹ ያለ ነጂ ዳገቱን ወጥተው በር ላይ ሲያንቃጭሉ የማያውቃቸው የከተማው ሰው አልነበረም። አንድ ከሰዓት ጋሽ አሰግድ ወደ ረውዳ ቢሮ መጡ፤ አዲስ መሣሪያ ይዘው ነበር። ስሙ ማቆያ ነው።

«ምንድን ነው የሚሠራው?» አለቻቸው።

«መድኃኒት ማድረሱን ለጊዜው ያቆማል። ሰውየው ዘመድ ጥየቃ ሄዷል እንበል፤ ወይ መድኃኒት ተርፎታል፤ ወይ የእኛ መጋዘን ሳስቷል። ወኪሉ ያቆምለታል። ጊዜው ሲያልፍ በራሱ ይቀጥላል።»

«ልየውና ልጻፈው።»

«እይው፣ ማን ከለከለሽ? ግን እስኪቀጥል ድረስ ወር ሙሉ ቁጭ ብለሽ መጠበቅሽ ነው፤ አለቆቼ ደግሞ ቸኩለዋል። እኔ በራሴ መድኃኒት ሞክሬዋለሁ፣ በደም ግፊቱ። ቆመ፤ ጊዜው ሲደርስ ተመልሶ መጣ። ይኸው አልሞትኩ!»

ሳቁ። እሷም ሳቀች። እዚያው ተቀምጠው ሻይ እስኪጨርሱ ጻፈችው፦

«ማቆያ፦ ለታካሚ መድኃኒት ማድረስን ለጊዜው ያቆማል። ታካሚው ከቤቱ ሲርቅ፣ መድኃኒት ሲተርፈው ወይም የመጋዘን ክምችት ሲያንስ ይጠቅማል። የተወሰነው ጊዜ ሲያልፍ በራሱ ይቀጥላል። ታካሚው ምንም ማድረግ አይጠበቅበትም።»

ጋሽ አሰግድ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው አነበቡት። «የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ወደድኳት» አሉ። ረውዳ ስሟን ከሥር አሰፈረች።

ወኪሎች ሁለት መንገድ ካገኙ የሚመለሰውን እንዲመርጡ ታዘዋል። ሊመለስ የሚችል፣ ማንንም የማይጎዳ፣ ከታማኝ ጸሐፊ የወጣ መሣሪያ ሲያገኙ ደስ ብሏቸው ይጠቀሙበታል፣ ደስታ የሚባል ነገር ካላቸው።

ክረምቱ እንደወጣ ረውዳ የጎረቤቷን የእትዬ ሎሚን አካሄድ ልብ አለች። እትዬ ሎሚ የፈትል ፋብሪካ ጡረተኛ ናቸው። የማሽኑ ጩኸት አንድ ጆሯቸውን ስለደፈነው ጮክ ብለው ነው የሚያወሩት። ረውዳን በሕፃንነቷ፣ እናቷ ሥራ ስትውል፣ ያዋሏት እሳቸው ናቸው። አሁን አጥሩን ይዘው ነው የሚራመዱት። ቀሚሳቸው ሰፍቷቸዋል። በእጃቸው የውኃ ጆግ አለ።

«እትዬ፣ ምን ሆነው ነው?»

«ሙቀቱ ነው መሰለኝ፣ የኔ ልጅ። ውኃ ውኃ ይለኛል።»

«ስኳሩስ? መርፌውን ይወጋሉ?»

«እሱማ ቆሟል። ለጊዜው ነው አሉ።»

«ማነው ያለው?»

«እሱ ነዋ!» እትዬ ሎሚ በአገጫቸው ወደ ሳሎናቸው ግድግዳ አመለከቱ።

ረውዳ ገባች። ጮክ ብላ «የእትዬ ሎሚ ኢንሱሊን ለምን ቆመ?» አለች።

«የመጋዘን ክምችት አንሶ ስለነበር በማቆያ አቁሜዋለሁ» አለ ወኪሉ። «የተወሰነው ጊዜ ሲያልፍ በራሱ ይቀጥላል። ታካሚዋ ምንም ማድረግ አይጠበቅባቸውም።»

ረውዳ የራሷን ዓረፍተ ነገር ከግድግዳ ሲወጣ ሰማችው። ድምፁ የተረጋጋ ነበር።

«ጊዜው የሚያልፈው መቼ ነው?»

«አልፏል።»

«ቀጠለ ታዲያ?»

«መግለጫው በራሱ እንደሚቀጥል ይናገራል።»

«ቀጥሏል ወይ ነው የምልህ!»

«ስለ መቀጠሉ የደረሰኝ ነገር የለም» አለ ወኪሉ። «ይሁን እንጂ መግለጫውን የጻፉት ረውዳ ይማም ናቸው። በእሳቸው ስም የወጣ መግለጫ ተሳስቶ አያውቅም።»

እትዬ ሎሚ ከበሩ ላይ ሆነው «ምን አለ?» ብለው ጠየቁ። ረውዳ ሮጣ ወጣች። ባጃጅ ጠርታ አሳፈረቻቸው። ሆስፒታሉ ጋ ሳይደርሱ እትዬ ሎሚ ጭንቅላታቸው ትከሻዋ ላይ ወደቀ፤ ስማቸውን ብትጠራም አይመልሱም።

ሐኪሞቹ ተቀብለው ወደ ውስጥ ካስገቧቸው በኋላ ረውዳ ወደ ሰፈሯ ተመለሰችና ቤት ለቤት ማንኳኳት ጀመረች። የአስም መተንፈሻው የቆመበት አናጢ አገኘች። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ አባት አገኘች፤ ልጁ ግንባሩ በፋሻ ታስሯል። የልብ መድኃኒት የምትወስድ ወጣት ሙሽራ አገኘች። ሁሉም ቆሞባቸዋል፤ ለአንዳቸውም አልቀጠለም። ማንም አቤት አላለም። ስትጠይቃቸው የሚመልሱላት ያንኑ ነው። አናጢው እንዲያውም አጽናናት፦ «አትጨነቂ እህቴ፣ በራሱ ይቀጥላል ብለውናል።» አንድ ቤት ግን በሩ ተዘግቶ፣ ፊት ለፊቱ ድንኳን ተተክሎ ነበር። እዚያ ምንም አልጠየቀችም።

ጋሽ አሰግድን ጓሯቸው ውስጥ የዘይቱን ዛፋቸውን ሲገርዙ አገኘቻቸው። እንዳዩዋት መቀሱን አስቀመጡ።

«ማቆያ አይቀጥልም» አለቻቸው።

«ተቀመጪ።»

«በራሴ መድኃኒት ሞክሬዋለሁ ብለውኝ ነበር።»

ጋሽ አሰግድ ከሹራባቸው ላይ ቅጠል አነሡ። «አልሞከርኩም» አሉ።

«ስለዚህ አያውቁም ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ረውዳ የመጣችው ተሳስተዋል፣ የድርጅቱ ሰዎች እሳቸውንም አታለዋቸዋል ብላ ነበር። በመንገዷ ሁሉ ለእሳቸው የምትናገረውን ማጽናኛ ስታዘጋጅ ነው የመጣችው።

«ስሚኝ» አሉ ጋሽ አሰግድ። «ድርጅቱ ሁሉንም ታካሚ መሸከም አልቻለም። የግድ መቀነስ ነበረበት። ቀንሱ ተብሎ ቢታዘዝ ወኪሎቹ እምቢ ይላሉ፤ ሰው የሚጎዳ ነገር አይነኩም። ለጊዜው ነው ከተባሉ ግን ይነካሉ። ማንም እምቢ አልተባለም፣ ማንም አልተባረረም። መርጠው ያደረጉት ወኪሎቹ ናቸው።»

«ለምን ራስዎ አልጻፉትም?»

«እኔ አሁን የድርጅቱ ሰው ነኝ። በእኔ ስም ቢወጣ ይጠይቃሉ። አንቺን አይጠይቁሽም።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንቺን የመረጥኩት ስምሽ ንጹሕ ስለሆነ ነው፣ ልጄ።»

«ልጄ አትበለኝ» አለች ረውዳ። በሕይወቷ አንቱ ከማለት ዝቅ ብላባቸው አታውቅም። «አንተ ነህ ያስተማርከኝ። አባቴን አብረኸኝ ቀብረሃል። እትዬ ሎሚን ታውቃቸዋለህ፤ ቤታቸው በልተሃል!»

ጋሽ አሰግድ የደነገጡት በ«አንተ»ው እንጂ በሌላው አይመስልም ነበር። «ሎሚም አሉበት እንዴ?» አሉ። «በስም አላየናቸውም እኮ። ስም አልነበረም የምናየው።»

በማግስቱ መግለጫዎችን ወደሚመዘግበው ጽሕፈት ቤት ሄደች። የመዝገብ ሠራተኛዋ ትሑት ነበረች። «መግለጫ የሚያስለውጠው የመሣሪያው ባለቤት ነው» አለቻት። «እርስዎ የሚችሉት ስምዎን ማንሣት ነው። ጥያቄው ለባለቤቱ ይላካል፤ ባለቤቱ ሌላ ጸሐፊ እስኪያገኝ ድረስ ባለበት ይቆያል።»

«በስሜ?»

«በስምዎ።»

ረውዳ ቢሮዋ ገብታ ተቀመጠች። እጇ ላይ ያልተጠናቀቀ አንድ ሥራ ነበር፤ የዝናብና የፀሐይ መሣሪያ። ምንም የማይጎዳ ነገር ነው፤ ዛሬ ይዘንባል አይዘንብም ይላል። ነገር ግን በከተማው ያለ ወኪል ሁሉ ሰዎቹን ጃንጥላ ያዙ ወይም ልብስ አስጡ ለማለት መግለጫውን ያነበዋል። በሙያው ሕግ አንድ መግለጫ ስለ ራሱ መሣሪያ ብቻ ነው የሚናገረው። ከዚያ የወጣ ጸሐፊ ከእንግዲህ አይታመንም። ይህንንም ያስተማሯት እሳቸው ናቸው።

ስለ ዝናቡ ጽፋ ጨረሰች። ከዚያ አዲስ መስመር ጀመረች፦

«ማቆያ የሚባለው መሣሪያ መግለጫ ስህተት ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ። መሣሪያው ያቆማል፤ በራሱ አይቀጥልም። ያቆማችሁባቸውን ሰዎች መድኃኒታቸው ደርሷቸው እንደሆነ ጠይቋቸው። ረውዳ ይማም።»

ላከችው። ብዙም አልቆየ፤ ስልኳ ጮኸ። የሰው ድምፅ አልነበረም።

«ከአንድ ስም ሁለት የማይስማሙ ቃላት አንብበናል» አለ። «እውነቱ የትኛው ነው?»

«ሁለተኛው።»

«የመጀመሪያውን ሲጽፉ አይተው ነበር ወይስ ተነግሮዎት?»

ረውዳ ጠረጴዛውን ያዘች። «ተነግሮኝ» አለች።

«ሁለተኛውንስ?»

«አይቻለሁ።» ባጃጁን፣ አናጢውን፣ ፋሻውን፣ ድንኳኑን ነገረችው። ሳያቋርጥ ሰማት። «አመሰግናለሁ» ብሎ ዘጋ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ኮምቦልቻ ውስጥ የሆነውን የሰሙ ሁሉ ያስታውሱታል። በየሰፈሩ፣ በየሳሎኑ፣ መስኮት በተከፈተበት ሁሉ፣ አንድ ዓይነት ድምፅ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠይቅ ነበር፦ «መድኃኒትዎ ደርሶዎታል?» ሰዎች ከጓዳ፣ ከግቢ፣ ከአልጋ ላይ ሆነው «አልደረሰኝም» እያሉ ይመልሱ ነበር። ወኪሎቹ በሌላ መንገድ አዘዙላቸው። ከቦርከና ወንዝ ወዲያና ወዲህ ጋሪዎች እየተሯሯጡ አመሹ። ጥያቄው ተደጋግሞ መልስ ያልተገኘባቸው ቤቶችም ነበሩ። እዚያ ወኪሎቹ ጥቂት ጠብቀው ጎረቤት ጠሩ።

እትዬ ሎሚ ነፍሳቸው ተረፈ፤ በስኳሩ የቆሰለው የግራ እግራቸው ግን አልተረፈም። ዓይናቸውን በደንብ መግለጥ ሲጀምሩ ረውዳ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ወደሚሰማው ጆሯቸው ተጠግታ ነገረቻቸው።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው?» አሉ እትዬ ሎሚ።

«እኔ ነኝ።»

አሮጊቷ ጣራውን ተመለከቱ። «ሲነግረኝ እኮ ደስ ብሎኝ ነበር» አሉ። «የእነሱ ነገር ብዙ ጊዜ አይገባኝም። ያ ግን ጥርት ያለ ነበር። ለዚያ ነው ማንንም ያልጠየቅኩ።»

ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። እጃቸውን ግን ከረውዳ እጅ አላወጡትም።

አጣሪ ጉባኤ ተቀመጠ። የጠያቂ ኃላፊዎች አንድም ሰው እንዲቆምበት አላዘዝንም አሉ፤ እውነታቸውን ነበር፣ ትእዛዝ አልተገኘም። ጋሽ አሰግድ ሹራባቸውን ቆልፈው ቀረቡ። ረውዳ ከፊት ወንበር ላይ ነበረች። እውነቱን ይነግሯቸው ይሆናል ብላ፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ፣ በሆዷ ተስፋ አድርጋ ነበር።

«መግለጫውን የጻፉት እርስዎ ነዎት?» ተባሉ።

«አይደለሁም።»

«ስለ መሣሪያው ለጸሐፊዋ የተናገሩት ነገር አለ?»

«ባልደረባዬ ነበረች፤ ስለ ሥራ እናወራለን» አሉ ቀስ ብለው። «ይሁንና በሙያችን የመሞከር ግዴታ የፈራሚው ነው። ይህን ያስተማርኳትም እኔ ነኝ።» አላዩዋትም።

ጠያቂ እስኪጣራ ታገደ። ረውዳ ከሥራ ተሰናበተች። የሕግ ቅጣት አልደረሰባትም፤ ወኪሎቹ ግን ስሟን ከማይታመኑት ተራ አስገቡት። ይህ ቂም አይደለም፤ ለሁሉም እንዲሁ ያደርጋሉ። አውቶቡስ ላይ ወዴት እንደምትሄድ ስትናገር ዳግመኛ ይጠይቋታል። ገበያ ስትገባ የከፈለችውን «ይረጋገጣል» ይሏታል። ቤቷ ያለው ወኪል «አሞኛል» ስትለው እንኳ የሙቀት መለኪያ እንድትይዝ ይጠይቃታል። በሁለት የማይስማሙ ቃላት ስሟን የፈረመች ሰው ነች፤ ከሁለቱ እውነት የነበረው የትኛው እንደሆነ ለዚህ ጉዳይ ለውጥ አያመጣም።

እትዬ ሎሚ ከሆስፒታል ሲወጡ ረውዳ ቤት ገቡ። ድርጅቱ ስለታገደ መድኃኒት የሚወሰደው ሰው ሄዶ ነበር። አንድ ጠዋት ጠርሙሱ ባዶ ሆኖ ተገኘና ረውዳ መድኃኒት ቤት ሄደች። ሰልፉ ረጅም ነበር። ተራዋ ሲደርስ የወረቀቱን ትእዛዝ መስታወቱ ላይ አሳየች።

«ኢንሱሊን፣ ለወይዘሮ ሎሚ» አለ ከላይ የሚመጣው ድምፅ። «እርስዎ ማን ነዎት?»

«ረውዳ ይማም እባላለሁ፣ ጎረቤታቸው ነኝ። እኔ ጋ ነው ያሉት።»

«ቃልዎን ብቻ ይዤ መስጠት አልችልም። የሚመሰክርልዎ ሰው ያስፈልጋል።»

«አሮጊት ናቸው፣ አንድ እግር ነው ያላቸው፤ እዚህ ድረስ ይምጡ ነው የምትለኝ?»

«አያስፈልግም። በሙያም በኑሮም የሚያውቅዎትና ስሙ ያልተነቀፈ ሰው ካለ በቂ ነው። አንድ ሰው አግኝቻለሁ፤ አቶ አሰግድ ደምሴ። ልደውልላቸው?»

ከኋላዋ ያለው ሰልፈኛ ጉሮሮውን ጠረገ። ረውዳ ወደ በሩ ዞር አለች። እትዬ ሎሚ ከነጋ ጀምሮ ውኃ ሲለምኑ ነበር።

«ሌላ ሰው የለም?»

«በዚህ ደረጃ የሚታመን ሌላ አላገኘሁም።»

ረውዳ ሁለት እጇን መስታወቱ ላይ አሳረፈች። «ደውልላቸው» አለች።

ስልኩ ወዲያው ተነሣ። ወኪሉ ጉዳዩን አስረዳቸው። ከጣራው ላይ፣ ሰልፈኛው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ ጋሽ አሰግድ ሳያመነቱ መለሱ፦

«እውነቷን ነው። እሷ የምትለውን እመኗት። ልጄ ናት።»

መሳቢያው ተከፈተ። ረውዳ ቀዝቃዛውን ጠርሙስ አውጥታ በነጠላዋ ጠቀለለችው።

«ረውዳ?» አለ የጋሽ አሰግድ ድምፅ ከላይ። «ደህና ነሽ? ረውዳ?»

ሰልፈኞቹ ሁሉ አዩዋት። ጠርሙሱን ደረቷ ላይ ይዛ በመካከላቸው አለፈች፤ ድምፁ ስሟን እየጠራ በሩ ከኋላዋ ተዘጋ።